የጠፋው ማኅደረ ትውስታ የት ገባ? በስርዓተ ክወና የኔትወርክ ኮድ ውስጥ ማፍሰስን የማደን ዘዴ

መግቢያ

አንድ የኔትወርክ ሰርቨር በተከፈተበት ቀን መልካም ሆኖ ይሠራል እንበል። በሦስተኛው ቀን ነጻ የነበረው ማኅደረ ትውስታ በጥቂቱ ቀንሶ ይታያል፤ በሰባተኛው ቀን ይበልጥ ይቀንሳል፤ በአሥረኛው ቀን አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቅተዋል፣ ወይም ስርዓተ ክወናው ቦታ ለማግኘት ሲል በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን እየመረጠ መግደል ይጀምራል። ባለሙያው መሣሪያውን አጥፍቶ ሲያስነሣው ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ከአሥር ቀናት በኋላ ግን ያው ነገር ይደገማል።

አጥፍቶ ማስነሣት በሽታውን አያድነውም፤ ይልቁንም ማስረጃውን ሁሉ ይደመስሳል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ችግር እንዴት እንደሚፈጠርና ምንጩ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚፈለግ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከሊኑክስ ነው፤ ምክንያቱም ኮዱ ለማንም ሰው ክፍት በመሆኑ የምንለውን ሁሉ አንባቢ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል።

«አፈሰሰ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንስራ ሲያፈስ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። ማኅደረ ትውስታ ሲያፈስ ግን ከመሣሪያው የሚወጣ ነገር የለም። ባይቶቹ በቦታቸው አሉ፤ የጠፋው «ሥራዬን ጨርሻለሁ» ብሎ የሚመልሳቸው ወገን ነው።

ነገሩን በዕድር ዕቃ ቤት ልንመስለው እንችላለን። ዕቃ ጠባቂው ድስቱን፣ ወንበሩንና ድንኳኑን እየመዘገበ ያውሳል። ተዋሹ ሥራውን ሲጨርስ ይመልሳል፤ ዕቃውም ለሌላ አባል ይሰጣል። አንድ አባል የተዋሰውን ሳይመልስ ሰፈር ቢለቅ ግን ዕቃው በመዝገቡ ላይ «በሰው እጅ» ተብሎ ለዘለዓለም ይቀመጣል። ጠባቂው ቤት ለቤት እየዞረ «አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የሚሠራውም በዚሁ ደንብ ነው፤ የተመደበለትን ቦታ የመልቀቅ ኃላፊነት የጠያቂው ብቻ ነው።

ይህ ስህተት በተራ ፕሮግራም ላይ ቢደርስ ጉዳቱ ወሰን አለው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ስርዓተ ክወናው ለፕሮግራሙ የሰጠውን ማኅደረ ትውስታ ጠቅልሎ ይወስዳል። የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ግን መሣሪያው እስኪጠፋ ድረስ አይዘጋም፤ ከእርሱ በላይ ሆኖ የሚቆጣጠረውም የለም። በመሆኑም በከርነል ውስጥ የፈሰሰ አንድ ባይት መሣሪያው እስኪጠፋ ድረስ እንደፈሰሰ ይቀራል።

የአንድ ፓኬት ጉዞ

የኔትወርክ ኮድ ለዚህ ችግር በተለየ ሁኔታ የተጋለጠ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ፓኬት በሊኑክስ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ እንከተል።

ፓኬቱ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ሲገባ የካርዱ ድራይቨር ሁለት ነገሮችን ያዘጋጃል። አንደኛው ራሱ መረጃው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ስለ ፓኬቱ የሚናገር መዝገብ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ መረጃው በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ፓኬቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ድራይቨሩ ለአይፒ ክፍል ይሰጠዋል፤ አይፒ ለቲሲፒ ያስረክበዋል፤ ቲሲፒ በሶኬቱ ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በመጨረሻም የተጠቃሚው ፕሮግራም ሲያነብበው ቦታው ይለቀቃል። በመንገዱ ላይ የደኅንነት ማጣሪያ ሊጥለው፣ ሌላ ክፍል ሊገለብጠው፣ ወይም ወደ ሌላ መሣሪያ ሊያስተላልፈው ይችላል።

ቦታውን የሚጠይቀው አንዱ ክፍል፣ የሚለቅቀው ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነው። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ «ከዚህ በኋላ ኃላፊው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያለ ማወላወል መመለስ አለበት። አንድን ፓኬት ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት ደግሞ የተጠቃሚ ቆጠራ የሚባለው ዘዴ ይሠራል። አንድ ተጠቃሚ ሲጨመር ቁጥሩ በ1 ያድጋል፤ ሲጨርስ በ1 ይቀንሳል፤ 0 ሲደርስ ቦታው ይለቀቃል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960 ጆርጅ ኮሊንስ ባሳተመው ጽሑፍ የቀረበ ነው። ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሆኖም አንድ ቅነሳ ብቻ ከተረሳ ቁጥሩ 0 አይደርስም።

የጉዳቱን መጠን በስሌት እንየው። በ64 ቢት መሣሪያ ላይ የፓኬቱ መዝገብ 256 ባይት ያህል ይይዛል፤ ለተለመደ የኢተርኔት ፓኬት መረጃ 2048 ባይት ተመደበ እንበል። ድምሩ 2304 ባይት ነው። ሰርቨሩ በሴኮንድ 2000 ፓኬቶች ቢቀበልና ከ1000 አንዱ ብቻ ቢፈስ በሴኮንድ የሚጠፋው 4608 ባይት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስላለው በቀን 398 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይጠፋል። 4 ቢሊዮን ባይት ነጻ ቦታ ያለው ሰርቨር እንግዲህ በ10 ቀናት ውስጥ ባዶ እጁን ይቀራል። ከ1000 ፓኬቶች 999ኙ በትክክል ስለሚስተናገዱ ግን በአጭር ጊዜ ፍተሻ ጉድለቱ አይታይም።

በእርግጥ ማፍሰስ ነው?

አደኑ ከመጀመሩ በፊት የሚታደን ነገር መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ነጻ ማኅደረ ትውስታ ቀነሰ ማለት ሁልጊዜ ፈሰሰ ማለት አይደለም።

ሊኑክስ ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ዳግም ቢፈለጉ በሚል በነጻው ቦታ ላይ ያቆያቸዋል። በዚህም ምክንያት ጤናማ ሰርቨር ጥቂት ነጻ ቦታ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ቦታ ግን በተፈለገ ጊዜ ወዲያውኑ ይለቀቃል። ሌላው ተመሳሳይ ምልክት የወረፋ መጠራቀም ነው። የተጠቃሚው ፕሮግራም ቀርፋፋ ከሆነ ፓኬቶች በሶኬቱ ላይ ይከማቻሉ፤ ይሁን እንጂ ሶኬቱ የተወሰነለት ጣሪያ ስላለው ክምችቱ ከዚያ አያልፍም፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋም ይለቀቃል።

እውነተኛውን ማፍሰስ ከእነዚህ የምንለየው በጊዜ ሂደት በመለካት ነው። ሜምኢንፎ የተባለው የከርነል ሪፖርት ከርነሉ ለራሱ ከያዘው ቦታ መልሶ ሊያስለቅቀው የማይችለውን ለይቶ ያሳያል። ይህን ቁጥር በየሰዓቱ እንመዝግብ። ሥራ ሲበዛ ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ የሚል ከሆነ ስርዓቱ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው። በሥራ ሰዓት ወጥቶ በሌሊት ጸጥታ የማይወርድ፣ በማግስቱ ካለበት ተነሥቶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ግን ማፍሰስን የምንጠረጥርበት በቂ ምክንያት አለን። አንድ ልኬት ምንም አይነግረንም፤ የሚናገረው በልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ተጠርጣሪውን ማጥበብ

ቀጣዩ ጥያቄ የፈሰሰው ምን ዓይነት ነገር ነው የሚል ነው። እዚህ ላይ የሚረዳን ስላብ የተባለው የአመዳደብ ዘዴ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀው በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ጄፍ ቦንዊክ ነው። ሐሳቡ አንድ ዓይነት ነገሮችን በአንድ ማከማቻ ማኖር ነው፤ የፓኬት መዝገቦች በአንድ ማከማቻ፣ ሶኬቶች በሌላው፣ የመንገድ መረጃዎች በሦስተኛው ይቀመጣሉ። ዘዴው የተነደፈው በዋናነት ለፍጥነት ቢሆንም ለእኛ ሌላ ጥቅም አለው፤ ማከማቻዎቹ ስም ስላላቸው የትኛው እያበጠ እንደሆነ በቀላሉ ይታያል።

በሊኑክስ ስላብኢንፎ የተባለው ሪፖርት በየማከማቻው ስንት ነገሮች በሥራ ላይ እንዳሉ ይዘረዝራል። በፍሪቢኤስዲ ደግሞ ኔትስታት የተባለው ትእዛዝ በ«ኤም» ምርጫ ሲጠራ ኤምባፍ የሚባሉት የፓኬት መያዣዎች ስንት እንደተያዙ ያሳያል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። ሊኑክስ መጠናቸው የሚመሳሰል ማከማቻዎችን አንዳንድ ጊዜ ስለሚያጣምር የምናየው ስም ከሌላ ክፍል የተዋሰ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ድራይቨሮች የመረጃውን ቦታ ከስላብ ውጭ ስለሚወስዱ እርሱ በዚህ ሪፖርት ላይ አይታይም።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ሙከራ እንነድፋለን። 10,000 ትክክለኛ ፓኬቶች ልከን ቁጥሩን እንለካ፤ ቀጥሎ 10,000 ግንኙነቶች ከፍተን እንዝጋ፤ ቀጥሎ 10,000 የተበላሹ ፓኬቶች እንላክ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመልሶ በሦስተኛው በ10,000 ገደማ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ የሚያፈስሰው መንገድ የተበላሸ ፓኬት የሚጣልበት መንገድ ነው። ከሚሊዮን በላይ ከሆነው የኮድ መስመር ውስጥ ፍለጋው በአንድ ከሰዓት ወደ ጥቂት ፈንክሽኖች ጠበበ ማለት ነው። ማጥበብ ከመገመት የሚሻለው በዚህ ነው።

ባለቤት የሌላቸውን ነገሮች መፈለግ

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኬሜምሊክ የተባለ መፈለጊያ አለው፤ ያዘጋጀውም ካታሊን ማሪናስ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ለሊስፕ ቋንቋ ካቀረበው የማኅደረ ትውስታ ማጽጃ ዘዴ ጋር ይዛመዳል። መፈለጊያው የተመደቡትን ቦታዎች ይመዘግባል። ከዚያም በየ10 ደቂቃው የከርነሉን ማኅደረ ትውስታ ያስሳል። የአንድ ቦታ አድራሻ በየትም ተጽፎ ካልተገኘ ያን ቦታ ሊያስታውሰው የሚችል ኮድ የለም፤ ስለዚህም ሊለቅቀው የሚችል የለም። መፈለጊያው ቦታውን ራሱ አይለቅቅም፤ መጠኑንና በየትኞቹ ፈንክሽኖች በኩል እንደተመደበ ብቻ ይዘግባል።

ይህ መሣሪያ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም የሚነግረን ነገሩ የት እንደተወለደ እንጂ የት መሞት እንደነበረበት አይደለም። ከዚህም ሌላ አንድ ሶኬት ከጥቅም ውጭ ሆኖ ስሙ በአንድ ዝርዝር ላይ ከቀረ አድራሻው አሁንም ተጽፎ ይገኛል። መፈለጊያው «ባለቤት አለው» ብሎ ያልፈዋል። ባለቤቱ ግን ረስቶታል። እንዲህ ያለውን ማግኘት የሚቻለው በቁጥር ንጽጽርና ኮዱን በማንበብ ነው።

አንድ መስመር የጎደለበት ድራይቨር

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሊኑክስ ላይ ከተደረጉት እርማቶች አንዱ ሲስተምፖርት የተባለውን የብሮድኮም የኔትወርክ መሣሪያ ድራይቨር የሚመለከት ነበር።

በሊኑክስ የድራይቨር አላላክ ፈንክሽን ግልጽ ውል አለው። «ተቀብያለሁ» ብሎ ከመለሰ ፓኬቱ የራሱ ኃላፊነት ነው፤ ይላከው ወይም ይጣለው፣ መልቀቅ ያለበት እርሱ ነው። «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ከመለሰ ግን ፓኬቱ የላኪው እንደሆነ ይቀራል፤ ድራይቨሩ ሊለቅቀው አይፈቀድለትም። የተጠቀሰው ድራይቨር አካሄድ በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነበር፦

1. ፓኬቱን ከላይኛው ክፍል ተቀበል።
2. መሣሪያው ፓኬቱን በቀጥታ ከማኅደረ ትውስታ እንዲያነብ አድራሻ አዘጋጅ።
3. አድራሻው ካልተዘጋጀ ስህተቱን መዝግብና «ተቀብያለሁ» ብለህ ተመለስ።
4. ከተዘጋጀ ፓኬቱን ለመሣሪያው ስጥና «ተቀብያለሁ» ብለህ ተመለስ።

አንባቢ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ከማለፉ በፊት ጉድለቱን ራሱ ቢፈልግ መልካም ነው።

ጉድለቱ በ3ኛው ተራ ላይ ነው። ድራይቨሩ «ተቀብያለሁ» ሲል ኃላፊነቱን ወስዷል፤ ፓኬቱን ግን አልላከውም፣ አልለቀቀውምም። ላኪው ክፍል ውሉን አምኖ ፓኬቱን ረስቶታል። እርማቱ «ፓኬቱን ልቀቅ» የሚል አንድ መስመር በዚያ ቦታ መጨመር ነበር። በዚያው ዓመት በሌሎች ድራይቨሮችም ላይ ተመሳሳይ ጉድለቶች ተገኝተው ታርመዋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ማፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በስህተት መንገድ ላይ ነው፤ ዋናው መንገድ በየሴኮንዱ ሲፈተን የስህተቱ መንገድ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ላይረገጥ ይችላል። ለዚህም ሲባል ሊኑክስ የማኅደረ ትውስታ ጥያቄ ሆን ተብሎ እንዲከሽፍ የሚያደርግ የመፈተኛ ስልት አለው። ሁለተኛ፣ ውሉን ሳያውቁ የመልቀቂያ መስመር መጨመር አደገኛ ነው። «ሥራ በዝቶብኛል» በሚለው መንገድ ላይ ፓኬቱን የሚለቅቅ ሰው ላኪው ገና የሚጠቀምበትን ቦታ ያስነጥቃል፤ ቀስ በቀስ የሚጎዳውን ማፍሰስ ወዲያውኑ በሚገድል ብልሽት ይተካዋል።

ቆጠራው ሲሳሳት

የተጠቃሚ ቆጠራ ስህተት ከዚህ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። የሊኑክስ አስተዳዳሪዎች ለዓመታት የሚያውቁት አንድ መልእክት አለ፤ አንድ የኔትወርክ መሣሪያ ሊወገድ ሲል ከርነሉ «ሎ ነጻ እስኪሆን በመጠበቅ ላይ፤ የተጠቃሚ ቆጠራ 1» የሚል ማስታወቂያ በየ10 ሴኮንዱ ያወጣል። ሎ ማለት መሣሪያው ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ምናባዊ የኔትወርክ በር ነው። ዶከርን በመሰሉ ሶፍትዌሮች አማካይነት ብዙ የተለያዩ የኔትወርክ ክፍሎችን በሚከፍቱና በሚዘጉ ሰርቨሮች ላይ ይህ ሁኔታ አዲስ ክፍል መክፈትን ጭምር ያግድ ነበር።

መልእክቱን ያነበበ ሰው ችግሩን በሎ ኮድ ውስጥ ቢፈልግ ሊደክም ይችላል። አንድ መሣሪያ ሲወገድ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ የመንገድ መረጃዎች ወደ ሎ እንዲዛወሩ ይደረግ ስለነበር በሌላ ክፍል ያልተለቀቀ የመንገድ መረጃ በሎ ስም ይቆጠር ነበር። ቁጥሩ 1 መሆኑ ብቻ ይታወቃል፤ ያ አንዱ ማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ለዚህ ችግር ኤሪክ ዱማዜ ያቀረበው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሊኑክስ 5.17 ውስጥ ገብቷል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሲጨመር የራሱን ደረሰኝ ይይዛል፤ ሲጨርስም ያንኑ ደረሰኝ ይመልሳል። ያልተመለሰው ደረሰኝ የማን እንደሆነ በግልጽ ይነበባል።

የቆጠራ ማፍሰስ የደኅንነት አደጋም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ፐርሴፕሽን ፖይንት የተባለ ድርጅት በሊኑክስ የቁልፍ ማስቀመጫ ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድለት ይፋ አድርጓል። ኮዱ የኔትወርክ አይደለም፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው። ቆጣሪው 32 ቢት ስለነበር አጥቂ ማፍሰሱን 4,294,967,296 ጊዜ ያህል ቢደጋግመው ቁጥሩ ዞሮ ወደ 0 ይመለሳል፤ ከርነሉም በጥቅም ላይ ያለውን ቦታ ይለቅቃል። ከ2017 ወዲህ ሊኑክስ ጣሪያው ሲደርስ የሚቆምና ወደ 0 የማይዞር ቆጣሪ አለው። እንዲህ ያለው ቆጣሪ ጣሪያውን ከነካ ቦታው ፈጽሞ አይለቀቅም። ነዳፊዎቹ በማፍሰስና ያለ ጊዜው በመልቀቅ መካከል ምርጫ ሲቀርብላቸው እያወቁ ማፍሰስን መርጠዋል ማለት ነው።

ጉድለቱ መቼ ገባ? እርማቱስ ሠራ?

የቀድሞው የከርነል ዕትም የማያፈስ፣ አዲሱ ግን የሚያፈስ ከሆነ በመካከላቸው ያሉትን ለውጦች እየከፈልን መፈለግ እንችላለን። መካከለኛውን ዕትም እንፈትናለን፤ ካፈሰሰ ጉድለቱ በፊተኛው ግማሽ፣ ካላፈሰሰ በኋለኛው ግማሽ ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ 10,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ከ14 የማይበልጡ ፈተናዎች በቂ ናቸው። እያንዳንዱ ፈተና 10 ቀናት የሚወስድ ከሆነ ግን 14ቱ ፈተናዎች አምስት ወራት ሊፈጁ ነው። ቀደም ብለን በሠራነው ስሌት ከ1000 አንዱ ሳይሆን እያንዳንዱ ፓኬት የስህተቱን መንገድ እንዲረግጥ ብናደርግ 10 ቀናት የሚፈጀው ነገር በ15 ደቂቃ ውስጥ ይታያል። በመሆኑም ብልህ ፈላጊ አስቀድሞ የሚደክመው ማፍሰሱን በፍጥነትና በፈቃዱ ማስነሣት እንዲችል ነው።

እርማቱም የሚረጋገጠው በዚያው ሙከራ ነው። በፊት በ10,000 ያደገው ቁጥር ከእርማቱ በኋላ ወደ መነሻው መመለስ አለበት። ወደ 5,000 ብቻ ከወረደ ከተገኘው ቀዳዳ ሌላ ሁለተኛ ቀዳዳ አለ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ማኅደረ ትውስታ የሚያፈስሰው ኮድ ምልክቱ በሚታይበት ቦታ ላይ እምብዛም አይገኝም። ቦታው ያለቀበት ፕሮግራም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ በመልእክቱ ላይ ስሙ የተጠራው ክፍልም እንዲሁ። ስለዚህ ጠያቂው «ቦታው ያለቀው የት ነው?» ከማለት ይልቅ «የመጨረሻው ኃላፊ ማን ነበር? የት ላይ ረሳው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ወደ መልሱ የሚያደርሰውም መለካት፣ ማነጻጸር፣ ማጥበብና መልሶ መለካት ነው፤ ይህም በቤተ ሙከራ ከምንማረው ሳይንሳዊ ዘዴ የተለየ አይደለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰርቨር በሴኮንድ 5000 ፓኬቶች ይቀበላል፤ ከ10,000 አንዱ ይፈስሳል። የአንዱ ፓኬት መጠን 2304 ባይት ቢሆን 1 ቢሊዮን ባይት በስንት ቀናት ያልቃል?
2. በሁለት የከርነል ዕትሞች መካከል 4000 ለውጦች ቢኖሩ ጉድለቱን ለማግኘት ቢበዛ ስንት ፈተናዎች ያስፈልጋሉ?
3. 10,000 ግንኙነቶች ተከፍተው ሲዘጉ የሶኬቶች ቁጥር በ10,000 ከፍ ብሎ ታየ፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ወደ መነሻው ተመለሰ። ይህ ማፍሰስ ነውን? ምክንያቱን አብራሩ።
4. ኬሜምሊክ በአንድ ዝርዝር ላይ ተረስቶ የቀረን ሶኬት ለምን ሊያገኘው እንደማይችል በራሳችሁ ቃል ግለጹ።